«ሐረር» የሚል መለያ ያለበት ሁሉ ሐረር አይደለም፦ የድሮ ናሙናዎችን ቦታ ለመለየት የአካባቢውን ሰው እርዳታ እፈልጋለሁ

የጁገል_ጥግ | ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን የሳይንስ ታሪክ የማጠና ነኝ። ርዕሴ ከ1880ዎቹ እስከ 1930ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከሐረርና ከዙሪያዋ ተሰብስበው ወደ አውሮፓ የተጫኑ የዕፅዋት፣ የአእዋፍና የነፍሳት ናሙናዎች ናቸው። ማን ሰበሰበ? በየት በኩል አለፈ? ማን መራው? ማንስ ተሸከመለት? ሄጄ በዓይኔ ለማየት አቅሙ የለኝም፤ ብዙ ሙዚየሞች ግን ናሙናውንም መለያ ወረቀቱንም ስካን አድርገው ለቀዋል። የየሙዚየሙን መዝገብ አንድ ላይ የሚያገናኝ ጂቢአይኤፍ የሚባል ዓለም አቀፍ መረብም አለ፤ በ2001 የተቋቋመ ሲሆን መቀመጫው ኮፐንሀገን ነው። ማንም ሰው በነፃ ያወርዳል።

ችግሬ እንዲህ ነው። «ሐረር» የሚል ያለበትን መዝገብ አውርጄ ካርታ ላይ አወጣሁት። ሳጎላው ነጥቦቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ከተማው መሃል ያለው አደባባይ፣ ፈረስ መጋላ፣ አረፉ። የቆላው ግራር ፈረስ መጋላ፣ የደጋው ጽድ ፈረስ መጋላ፣ የውሃ ዳሩ ቄጠማ ፈረስ መጋላ። መዝጋቢው መለያው ላይ «ሐረር» የሚል ብቻ ሲያገኝ የከተማውን መሃል ሰጥቶ አልፏል ማለት ነው። ካርታውን ለማያውቅ ሰው ግን ልክ ይመስላል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው። የቦታ ስሞቹን ኦፕንሪፋይን በሚባለው ፕሮግራም አጸዳሁ። ፕሮግራሙ በፊደል የሚቀራረቡ ስሞችን ሰብስቦ «እነዚህን አንድ ላድርጋቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ጣሊያኑ፣ ፈረንሳዩ፣ ጀርመኑ «ሐረር»ን እያንዳንዱ እንደ ጆሮው ነው የጻፈው፤ አንዱ «ሀራር»፣ አንዱ «ሄረር»፣ ሌላው በሁለት «ር»። እሺ እሺ እያልኩ አለፍኩ። ኤረርንም አብሬ ሐረር እንዳደረግኳት የገባኝ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ኤረር ደግሞ ሁለት ናት፤ አንዷ ከሐረር በስተምሥራቅ ያለው የኤረር ሸለቆ፣ ሌላዋ ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ በሚሄደው የባቡር መስመር ላይ ያለችው።

አንዷን ወረቀት ልግለጽላችሁ። ዳር ዳሩ የቡና ዝቃጭ የመሰለ ወፍራም ወረቀት ላይ አንዲት እሾሃማ ቅርንጫፍ በቀጫጭን የወረቀት ማሰሪያ ተይዛለች፤ ሦስት ቅጠል ረግፎ ግርጌው ላይ ኤንቨሎፕ ውስጥ ገብቷል። መለያው በእርሳስ የተጻፈ ነው፦ ቁጥር 42፣ «ኤረር»፣ 1920። ከሥሩ ሁለት ቃል አለ፤ ማንበብ አቅቶኛል። የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር ላይ ሳስገባው የመጀመሪያውን ቃል «ሃፈን» ብሎ አነበበልኝ፤ በጀርመንኛ «ወደብ» ማለት ነው። ኤረር ላይ ወደብ የለም።

የቱ ኤረር ነው? የድሮ የቦታ ስም የምታውቁ፣ በተለይ የድሬ ሰዎች፣ እባካችሁ።

ዳታ_ሰሪው | ሰኞ ማታ 3፡02

እህቴ ይሁኑ ወንድሜ አላወቅኩም፣ ይቅርታ። በዚህ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልበል።

መጀመሪያ፣ ያጸዱትን ፋይል ይተዉትና ያወረዱትን ይክፈቱ። ሙዚየሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ዳርዊን ኮር የሚባል መስፈርት አለ፤ እዚያ ውስጥ «ቦታው መለያው ላይ ቃል በቃል እንደተጻፈ» የሚገባበት ዓምድ ለብቻው አለ። እሱ ዓምድ አይነካም። እርምትዎን አጠገቡ በሌላ ዓምድ ይጽፋሉ፤ ያኔ ነገ ሌላ ሰው እርስዎንም ማረም ይችላል። ኦፕንሪፋይንም ቢሆን የሠሩትን እርምጃ ሁሉ ስለሚመዘግብ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ ወሩ አልጠፋም።

ሁለተኛ፣ ነጥብ ብቻውን ውሸት ነው። ከነጥቡ ጋር «ከዚህ ነጥብ እስከ ይህን ያህል ሜትር ልሳሳት እችላለሁ» የሚል ቁጥር የሚሞላበት ዓምድም አለ፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። መለያው «ሐረር» ብቻ ካለ ያንን ክብ ሰፊ ያድርጉት።

ሦስተኛ፣ ከፍታ የተጻፈበት ወረቀት ካለ ወርቅ ነው፤ ግን እንዴት እንደተለካ ያስቡ። የዚያን ዘመን ተጓዦች ወይ ባሮሜትር ይይዛሉ ወይ ውሃ አፍልተው የሚፈላበትን ሙቀት በቴርሞሜትር ያነባሉ። በየ300 ሜትሩ ገደማ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል፤ ሐረር ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ድሬ ላይ በ96 አካባቢ። ግማሽ ዲግሪ ከተሳሳተ 150 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ሐረርን ከድሬ ለመለየት ይበቃል፤ አንዱን ቀበሌ ከሌላው ለመለየት አይበቃም።

የከዚራ_ጡረተኛ | ሰኞ ማታ 4፡20

ልጄ፣ እኔ ምድር ባቡር ነው ያረጀሁት። ስለ ኮምፒውተሩ አላውቅም፤ ስለ መስመሩ ግን ጠይቂኝ። (ሴት ልጅ መስለሽኛል፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ።)

ባቡሩ ድሬ የገባው በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917። ሐዲዱ ሐረር ድረስ አልወጣም፤ ተራራው አስቸግሮ ከሥር ቀረና ድሬዳዋ በዚያው ተቆረቆረች። ታዲያ በመጀመሪያው ጊዜ የዚህች ከተማ ስም በወረቀት ላይ «አዲስ ሐረር» ነበር! ስለዚህ አንድ ፈረንጅ «አዲስ ሐረር» ብሎ የጻፈውን ሐረር ላይ እንዳታስቀምጪው። እኛ ነን እሱ፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለነው።

ሌላም አለ። በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ነው፤ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። እንግዲህ ዕፅ ለቃሚው ሰውዬ ከሰዓት ደርሶ ሆቴል ከመግባቱ በፊት ወንዙ ዳር ወርዶ ትንሽ ይለቃቅማል። «ድሬዳዋ» የሚሉ ወረቀቶች ከበዙብሽ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

የቁጥሩን ተራ አየሽው? 41 የት ነው? 43ስ?

የጁገል_ጥግ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

ጋሽዬ፣ አልተሳሳቱም፣ ሴት ነኝ። እግዜር ይስጥልኝ፤ «አዲስ ሐረር»ን አንብቤው ነበር፣ መለያ ላይ ሲመጣ ግን አላሰብኩትም። ፋይሌ ውስጥ ፈልጌ ሦስት አገኘሁ፤ ሦስቱም ፈረስ መጋላ ተቀምጠው ነበር። ቁጥሮቹን ዛሬ ማታ እደረድራቸዋለሁ።

ሀረማያ_ናሙና_ክፍል | ማክሰኞ ቀን 6፡45

እኔ ለዓመታት ናሙና በመለጠፍና በመመዝገብ የሠራሁ ነኝ። ከአውሮፓው ሌላ እዚሁ አጠገብሽ ያለውንም እንዳትረሺው። የዛሬው ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በነበረ ጊዜ ዊልያም በርገር የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚህ አስተምሯል፤ በ1967 ስለ ኢትዮጵያ አበባ ሰጪ ዕፅዋት ቤተሰቦች መጽሐፍ አሳትሟል። የዚያ ዘመን ናሙናዎች ብዙ ነገር ይነግራሉ።

ሁለት ወጥመድ ልንገርሽ። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ ልጅ «ጥቅምት 1956» ብሎ በአማርኛ ይጽፋል፤ በኋላ የመጣው ጸሐፊ «ኦክቶበር 1956» ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል። እውነተኛው 1963 ነው። ሰባት ዓመት ጠፋ! ክፋቱ ሁለቱም ዓመት የሚያስኬድ መሆኑ ነው፤ ኮምፒውተር አይጠረጥርም። እኔ የያዝኩት ሰብሳቢውን ነው፦ ሰውዬው በዚያ ዓመት ተማሪ ነበር ወይ? ካልነበረ ዓመቱ የኛ ነው።

ሌላው ሐይቁ። ሀረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ እንደነበር፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው እንደተመለሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደረቅ በነበረ ጊዜ አንድ ተለማማጅ የሳተላይት ካርታ እያየ «የውሃ ዳር ተክል ተብሎ ነጥቡ ማሳ ላይ ነው፣ ስህተት ነው» ብሎ ረድፎቹን ሰረዘ። ልጁ ተንኮል የለውም፣ ሐይቁን አላየውም። እኔ ግን እዚያ ውሃ ዳር ቆሜ የለቀምኳቸው ናቸው። ከወረቀት ላይ አንድ በአንድ መለስናቸው። ስሙን «ሐይቅ» ብሎ የያዘልን ያ መለያ ብቻ የነበረበት ጊዜ አለ።

ቀፊራ_ሰፈር | ማክሰኞ ማታ 1፡10

አቦ፣ ጥሩ ሥራ ነው፣ አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ከሆዴ አይወጣም። ዕፁ የኛ፣ ወፉ የኛ፣ ነፍሳቱ የኛ። ፍራንክፈርት፣ ጄኖቫ፣ ፍሎረንስ፣ ፓሪስ ተቀምጦ እኛ ፎቶውን በስልክ እያየን «ነፃ ነው» ብለን እናመሰግናለን? በዚያ ላይ ስም አውጪው ሁሉ ፈረንጅ ነው። እዚህ ያለ ሰው የማያውቀው ነገር «ተገኘ» ይባላል። እስቲ መልሺልኝ።

የጁገል_ጥግ | ማክሰኞ ማታ 3፡40

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የጥናቴ ልብ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

«ተገኘ» ላልከው ጫትን እንውሰድ። ጫት በሳይንስ መዝገብ የገባው የዕፅዋት ሊቁ የሊኔየስ ተማሪ የነበረው ስዊድናዊው ፔር ፎርስኮል ዴንማርክ በላከችው የጥናት ጉዞ የመን ሄዶ ስለጻፈው ነው። እሱ በ1763 እዚያው የመን ሞተ፤ ጽሑፉን ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመው። ናሙናዎቹ ኮፐንሀገን ናቸው። ነገር ግን የአፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግዕዝ የተጻፈው፣ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን «መራዴን ከተማዬ አደርጋለሁ፣ ጫትም እተክልባታለሁ» ብሎ እንደፎከረ ይነግረናል። ከፎርስኮል 400 ዓመት በፊት ገደማ! ስለዚህ እኔ ጽሑፌ ውስጥ «ተገኘ» አልልም፤ «ተመዘገበ» ነው የምለው። ልዩነቱ ለኔ ትልቅ ነው።

ስለ ናሙናው ደግሞ፦ ንዴትህን እጋራለሁ። ግን ፎቶውን አትናቀው። አንድ ዝርያ ስም ሲወጣለት ስሙ የተመሠረተበት አንድ ናሙና «ዓይነተኛ» ተብሎ ይያዛል። ነገ አንድ የኛ ልጅ ጋራ ሙለታ ላይ የማይታወቅ ተክል ቢያገኝ አዲስ መሆኑን ለማረጋገጥ ከዚያ ጋር ማስተያየት አለበት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ሲዘጋጅ ምሁራኖቻችን ለዚህ ሲሉ የሰው ደጅ መጥናት ነበረባቸው። ዛሬ የናሙናዋን ቅጠል እስከ ፀጉሯ ድረስ አጉልቶ ከሐረር ማየት ይቻላል።

በርሊን የሆነውንም ልንገርህ። በ1899 እና 1901 መካከል ጀርመናውያኑ ወፍ አጥኚዎች ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን ከዘይላ ተነስተው በሐረር በኩል አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። የጉዞው ሐኪም ኤለንቤክ ዕፅ ይለቅም ነበር። ወፎቹ ፍራንክፈርት አሉ፤ የኤለንቤክ ዕፆች ግን በርሊን ነበሩ፤ በመጋቢት 1943 በአውሮፕላን ድብደባ የበርሊን የዕፅዋት ናሙና ቤት ሲቃጠል አብዛኛው ናሙና አመድ ሆነ። ለዚህ ነው ዲጂታሉ የሚጠቅመኝ፦ አንድ ሰብሳቢ ከአንድ ተክል ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጦ ለተለያየ ሙዚየም ያከፋፍላል። የሰብሳቢውን ስም፣ ቁጥርና ቀን አንድ ላይ አድርጌ ስፈልግ፣ የአንዱ ወንድም ሌላ አገር ተርፎ ሊገኝ ይችላል።

የኤርላንገርን ጉዞ ካርታ ላይ ስታየው ነጥቦቹ እንደ ጨሌ ተሰክተው ከዘይላ ወደ ሐረር ይወጣሉ። በዚያ ዓመት ወፍ ስለበዛ አይደለም፤ ግመሎቹ ያለፉት በዚያ ስለነበረ ነው። ቁጥሩን ብቻ ቆጥሮ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ዝርያ ነበር» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እነዚያን ግመሎች የነዱት፣ ወፉን ገፍፈው ጨው የነሰነሱት ሰዎች ስም ደግሞ መለያ ላይ የለም። የሰብሳቢ ዓምድ ከአንድ ስም በላይ ይቀበላል፤ ከጉዞ ማስታወሻዎች ውስጥ ስማቸውን ካገኘሁ የምሞላው እዚያ ነው።

ዳታ_ሰሪው | ማክሰኞ ማታ 4፡05

መለያ ዝም ሲል የሚሆነውን ለማየት የጣሊያናዊውን ተጓዥ የልዑል ሩስፖሊን ወፍ ማስታወስ ነው። ሰውየው በ1893 ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ዝሆን ገደለው። ከሻንጣው የወጣችው ቱራኮ በ1896 በስሙ ተሰየመች፤ የት እንደያዛት ግን አልጻፈም። ወፏ የምትኖርበት ቦታ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሳይታወቅ ቀረ።

ሳቢያን_ልጅ | ረቡዕ ጠዋት 2፡20

የድሬውን ዋሻም አንሱት እንጂ። ፖርክ ኤፒክ፣ የጃርት ዋሻ፣ ከተማው ደቡብ ገደል ላይ ያለው። ፈረንሳዮቹ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርደን በ1929 ነው ለዓለም ያስታወቁት። ከውስጡ የወጣው ቀይ አፈር ብቻ 4,213 ቁራጭ፣ 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋዋል። የቀንድ አውጣ ክዳን ተበስቶ እንደ ዶቃ የሆነም አለ። ስብስቡ ግማሹ ፓሪስ፣ ግማሹ አዲስ አበባ ነው። እነዚያን ሁለት ግማሾች በአንድ መዝገብ ማገናኘት የምትችል ከሆነ በእግሬ ዋሻው ድረስ አደርስሻለሁ።

የወዴሳ_ጥላ | ረቡዕ ቀን 8፡30

ግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ሐረርጌን ከጭሮ እስከ ባቢሌ ዞሬበታለሁ። እህቴ፣ የሰብሳቢው ረዳት ስም የለም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። መለያው ላይ የአገር ውስጥ ስም ካለ እሱ ምስክር ነው። ዋንዛን «ወዴሳ» ብሎ ከጻፈ፣ አጠገቡ ቆሞ የነገረው ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ወይራን «እጀርሳ» ካለም እንዲሁ። ፈረንጁ የሰማውን ነው የጻፈው። ስሙን ባታገኚ ቋንቋውን አገኘሽ።

ግን እዚህም ተጠንቀቂ። «እጀርሳ» የዛፍ ስምም የቦታ ስምም ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱባት እጀርሳ ጎሮ አለች። ኮምፒውተሩ ዛፉን ከተማ ሊያደርገው፣ ከተማውንም ዛፍ ሊያደርገው ይችላል።

የጁገል_ጥግ | ረቡዕ ማታ 1፡50

ይህን ምክር ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ሄጄ «እጀርሳ» የሚለውን ፈለግኩ፤ አምስት ወረቀት እጀርሳ ጎሮ ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለቱ ላይ ቃሉ የተጻፈው ከቦታው መስመር ሳይሆን ከተክሉ ስም ሥር ነው፤ ተክሉም ወይራ ነው።

ጋሽዬ፣ ቁጥሮቹንም ደረደርኳቸው። 38 እስከ 41 «ድሬዳዋ»፤ 42 እስከ 57 «ኤረር»፣ አራት ቀን፤ 58 «አዋሽ»። ማንበብ ያቃተኝን ቃል ፎቶም አጉልቼ ለጥፌዋለሁ።

ማርበርግ_የቆየ | ረቡዕ ማታ 2፡35

ጀርመን አገር ተምሬ የመጣሁ ነኝ። የቃሉን ፎቶ አጉልተሽ ስለለጠፍሽው አመሰግናለሁ። ሶፍትዌሩ «ኤፍ» ያደረገው ፊደል «ኤፍ» አይደለም፤ የጀርመኖቹ ድርብ «ስ» ነው፣ በድሮ እጅ ጽሑፍ እግሩ ወደ ታች ይወርዳል። እነዚህ ፕሮግራሞች በሠለጠኑበት እጅ ጽሑፍ ልክ ነው የሚያነቡት፤ አዲስ እጅ ሲያዩ የሚያውቁትን ቃል ይገምታሉ። የተጻፈው «ሃይሰ ክቬለን» ነው። ሙቅ ምንጮች።

የከዚራ_ጡረተኛ | ረቡዕ ማታ 2፡50

በቃ! ኤረር ፍልውሃ ነዋ! የባቡሩ ኤረር። ስንቱ የድሬ ሰው ነው እግሩንና ወገቡን እዚያ የታጠበው። እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ድሬ አድሮ፣ ኤረር ወርዶ አራት ቀን ከርሞ፣ ከዚያ አዋሽ። ሰውዬው በባቡር ነው የሄደው ልጄ። ሐረር አልወጣም።

የጁገል_ጥግ | ሐሙስ ጠዋት 1፡15

ሌሊቱን አልተኛሁም። ከ42 እስከ 57 ያሉትን 16 ረድፎች ከፈረስ መጋላ አንስቼ ኤረር ፍልውሃ አኖርኳቸው፤ ክቡን 5 ኪሎ ሜትር አደረግኩት፤ ቃል በቃል የተጻፈውን አልነካሁም። ለሙዚየሙም ደብዳቤ ልኬያለሁ፤ ምክንያቱን በዝርዝር ጽፌ።

አንድ ቀረኝ። ቁጥር 49 ላይ ከተክሉ ስም ጎን በእርሳስ «ጎብ» ይላል። በአማርኛም በኦሮምኛም በሐረሪም አጣሁት። ተክሉ ክብ ቅጠልና መንጠቆ እሾህ አለው።

ሽንሌ_መንገድ | ሐሙስ ቀን 5፡40

እኛ ጋ ጎብ የሚባለው በአማርኛ ቁርቁራ የምትሉት ነው፤ ፍሬው የሚበላው። ቃሉ ሶማሊኛ ነው።

የጁገል_ጥግ | ሐሙስ ቀን 5፡52

ቁጥር 49፣ ቁርቁራ፣ ኤረር ፍልውሃ። «ስሙን የነገረው፦ ሶማሊኛ ተናጋሪ፣ ስሙ አልተመዘገበም» ብዬ ጻፍኩ።